ከአመድ ያለጊዜው የወጣው መዶሻ

ትናንት የልጄን የትምህርት ቤት ሸሚዝ ስተኩስ፣ ኮሌታው ላይ ሳሙና ቀርቶ ኖሮ፣ ካውያው ሲያርፍበት የተቃጠለ ሳሙና ሽታ ወጣ። ካውያውን ነቅዬ አቆምኩት። ወደ ጓዳ ገብቼ ተመለስኩና መንቀሌን እንደገና አየሁ። ልጆቼ በዚህ ይስቁብኛል፤ የጋዙን ቁልፍም፣ የበሩን መቀርቀሪያም ደጋግሜ ነው የማየው። ሽታው ግን መስኮት ከፍቼም ቶሎ አልወጣም። ትንሽ የሚመር፣ ጉሮሮ የሚይዝ ሽታ ነው። ሌላ ሰው ቢሸተው ልብስ ተቃጠለ ይላል። እኔን ግን ወሰን ሰፈር፣ አባቴ ብየዳ ቤት ወስዶ ከእሳቱ ፊት አስቀመጠኝ።

ብየዳ ቤታችን ከአስፋልቱ ዳር፣ በቆርቆሮ የተሠራ፣ ፊቱ ክፍት የሆነ ቤት ነበር። ከፊት ለፊቱ ሚኒባሶች «መገናኛ፣ መገናኛ» እያሉ ያልፋሉ፤ ከጀርባው የእንጦጦ ተራራ ባሕር ዛፉን ለብሶ ይታያል። ጠዋት ጠዋት ከዚያ የሚወርደው ነፋስ የቆርቆሮውን ሽንቁር አንድ በአንድ ያውቀው ነበር። አባቴ ያንን ነፋስ እንደ ሌባ ነበር የሚጠብቀው።

ሥራችን የተበላ ብረት ላይ ጠንካራ ብረት መደረብ ነበር። የሎደር ጥርስ ይመጣል፣ የዶዘር ምላጭ ይመጣል፤ ከሁሉም ይልቅ የሚበዛው ከላይ ካለው የድንጋይ ካባ የሚወርደው የድንጋይ መፍጫ መዶሻ ነበር። መዶሻ ስል እጀታ ያለውን የአናጺ መዶሻ ማለቴ አይደለም። ሁለት ሰው የሚያነሳው፣ በማሽኑ ሆድ ውስጥ እየተሽከረከረ ድንጋይ የሚያደቅ ድፍን ብረት ነው። ድንጋዩም በተራው ፊቱን ይበላዋል። አባቴ የተበላውን ኤሌክትሮድ በሚባለው ጠንካራ የብየዳ ዘንግ ይሞላና ወደ ሥራው ይመልሰዋል።

ችግሩ የመዶሻው ብረት ቅይጥ መሆኑ ነው። «ይሄ ብረት ኩሩ ነው» ይል ነበር አባቴ። «በብርድ ከነካኸው ይቀየምሃል። ቂሙን ግን ያን ዕለት አይነግርህም።» ስለዚህ ከመበየዱ በፊት ከሰል ላይ ተቀምጦ፣ ቀስ እያለ፣ እስከ ልቡ መሞቅ አለበት። እኔ ከስድስተኛ ክፍል በኋላ ትምህርት ያቆምኩት ለዚያ እሳት ነው። የእሳቱን ማራገቢያ በእጄ አዞራለሁ፣ ከሰል እጨምራለሁ፣ ብረቱ ሲግል በልብስ ሳሙና ቁራጭ እሰምርበታለሁ። መስመሩ ነጭ ሆኖ ከቀረ ገና ነው። ሻይ ሲመስል ደርሷል። ወዲያው ከጠቆረ አልፏልና እሳቱ ይቀነሳል። ያ ነው የሳሙናው ሽታ።

ሲያልቅ ደግሞ ይቀበራል። ከዳቦ ቤት በጆንያ የምናመጣው ደረቅ አመድ በግማሽ በርሜል ተሞልቶ ይጠብቃል። ትኩሱ ብረት እዚያ ይገባል፣ ከላዩ አመድ ይለብሳል፣ ከአመዱ ላይ ጆንያ ይደረባል። በማግሥቱ እጅ የሚችለው እስኪሆን ድረስ ማንም አይከፍተውም። የቤታችን ሕግ ያ ነበር፤ ሌላ ሕግ ሲነገር አልሰማሁም።

አባቴ ብዙ አይናገርም። በእጁ ነበር የሚያወራው። ምሳ ከዘገየ ሰሃኑ ይወረወራል፣ ኤሌክትሮድ ርጥበት ከነካው ጥፊ ነው። ደንበኛ እንኳ ካበዛ ደረቱን ተገፍቶ ይወጣል። እናታችን በሕይወት ሳለች መሐል ትገባ ነበር፤ ስትሞት ቦታውን የያዘ ሰው አልተገኘም። አጠገባችን ጎማ የሚጠግን ጎሚስታ ነበር፣ አፉ የማይዘጋ ሰው። «እናንተ ቤት ከብረቱ ይልቅ ሰው ነው የሚቀጠቀጠው» ይል ነበር፣ አባቴ ፊት ሳይቀር። አባቴ ከእሱ ብቻ ነበር ቀልድ የሚቀበለው።

ታላቅ ወንድሜ የአባቴን እጅ ወርሷል ይባል ነበር። ለብየዳውም ማለት ነው፣ ለዱላውም። እኔን ግን ነክቶኝ አያውቅም። ብልጭታው ዐይኔን ሲያቃጥለኝ ድንች ልጦ ያስርልኝ ነበር፣ «ሚጡ፣ እሳቱን እንጂ እኔን አትይ» እያለ።

እሱ ከቤት የወጣው በውኃ ምክንያት ነው። አያታችን፣ የአባቴ አባት፣ በእንጦጦ ግርጌ ቀጥቃጭ ነበር፤ የእንጨት ቆራጮችን መጥረቢያ የሚሠራና የሚስል። መጥረቢያ ደግሞ ስለቱ ግሎ ውኃ ውስጥ ሲነከር ነው የሚጠነክረው። ውኃ ያልጠጣ ብረት ብረት አይባልም ሲባል ሰምተን ነው ያደግነው። አንድ ቀን አባቴ ኤሌክትሮድ ሊገዛ ወርዶ ሳለ፣ የሎደር ሹፌር ጥርሱን አሁኑኑ ካልወሰድኩ ብሎ ወንድሜን ጨቀጨቀው። ወንድሜ የበየደውን ጥርስ ከከሰሉ አንስቶ፣ እንደ አያታችን መጥረቢያ፣ ባልዲ ውስጥ ከተተው። ባልዲው ጮኸ። ከጩኸቱ ሥር ሌላ ድምፅ ነበረ፣ ቀጭን፣ ብርጭቆ በጣት እንደሚነካ። አባቴ በዚያች ቅጽበት በር ላይ ደርሶ ነበር።

«ማነው ውኃ ያጠጣው?»

«እኔ ነኝ። አያቴስ ያጠጣ አልነበር?»

«አያትህ መጥረቢያ ነው የሠራው።»

«ብረት ብረት ነው፣ አባዬ።»

ግድግዳው ላይ የተሰቀለ የሞተር ቺንጋ፣ ወፍራም የላስቲክ ቀበቶ፣ ነበር። አባቴ አወረደው። ሹፌሩ እያየ፣ ጎሚስታው እያየ፣ አስፋልቱ ዳር ሚኒባስ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ እያየ ወንድሜን በቺንጋው ፊቱን መታው። ከዚያ ጀርባውን። ከዚያ ደግሞ የት እንደሚመታው ማየት ያቆመ ይመስለኛል። ጎሚስታው በሁለት እጁ ሊይዘው ሞክሮ እሱም ተመታ። ወንድሜ መጀመሪያ ክንዱን አጣጥፎ ቆመ፤ በኋላ ተንበረከከ። ሲነሳ ከንፈሩ ተሰንጥቆ ደሙ አገጩ ላይ ነበር። ጃኬቱን ከምስማሩ አነሳ። «እኔ ያንተ ብረት አይደለሁም» አለው። በእኔ በኩል ሲያልፍ ማራገቢያውን ማዞር ማቆሜን አየና «አታቁሚ፣ ብረቱ ይቀዘቅዝብሻል» አለኝ። እንደዚያ ብሎ ወጣ።

አባቴ ጥርሱን ከባልዲው አውጥቶ በእጅ መዶሻ መታው። እንደ ሸክላ ለሁለት ተከፈለ። ሁለቱንም ቁራጭ አስፋልቱ ማዶ ወረወራቸው። ከዚያ በኋላ የወንድሜ ስም ቤታችን ውስጥ አልተጠራም። እኔ ማታ ማታ ምግብ ሳቀርብ ሦስት ሰሃን አውጥቼ አንዱን እመልስ ነበር። አባቴ ያየኛል።

ወንድሜ የት እንደገባ ያወቅነው ከካባው አለቃ ነው። ወፍራም፣ ሁልጊዜ የሚቸኩል፣ በዕድሜ አባቴን የሚያክል ሰው ነበር። አንድ ጠዋት አንድ መዶሻ በፒክአፕ አምጥቶ ሲያወርድ፣ «አዲሱ አጉራሻችን ያንተ ልጅ አይደል እንዴ? ጉልበት አለው» አለ። አጉራሽ የሚሉት ድንጋዩን በማሽኑ አፍ የሚከተውን ሰው ነው።

አባቴ መዶሻውን እያገላበጠ ነበር። ቀና አላለም። «ከየት በኩል ነው የሚቆመው?» አለ።

«ከአፉ ፊት ነዋ። ከጀርባው ሆኖ የሚያጎርስ የት አይተሃል?»

«ክዳኑስ?»

«ክዳኑ ወልቆ ቀረ። ጎማ ሰቅለንበታል፣ ጠጠር እንዳይተፋብን።»

«ያቺን የእኔን ጎማ?» አለ ጎሚስታው ከደጅ። «እሷማ ዝንብም አትከለክል። ለመጣል ከብዳኝ እኮ ነው የሰጠኋችሁ።»

አለቃው ሳቀ። አባቴ አልሳቀም። «ነገ ጠዋት ና» ብሎ መዶሻውን ወደ ውስጥ አስገባ።

አባቴ እንደዚያ ቀን ሲሠራ አላየሁትም። በር ላይ ጆንያዎች ሰቀለ፣ ነፋስ እንዳይገባ። ከሰሉን እሱ ራሱ መረጠ፣ ጭስ ያለውን እየለቀመ ጣለ። ብረቱ ሲሞቅ እኔ ሳሙና ካሰመርኩ በኋላ ከእጄ ወስዶ በሌላው ጎን፣ በሥሩም በጎኑም አሰመረ። «ዳርና ዳሩ ሞቆ ልቡ ቀዝቃዛ ከሆነ ዋጋ የለውም» አለ፣ ለእኔ ይሁን ለራሱ አላውቅም። ሲበይድ አጭር አጭር እያደረገ ነው፤ አንድ መስመር ይጥላል፣ ቅርፊቱን ያራግፋል፣ ትኩስ እያለ በቀስታ ይቀጠቅጠዋል፣ ሳሙና ያሰምራል፣ ቀጣዩን ይጥላል። ከጆንያው በሚገባው ብርሃን ላቡ ከአፍንጫው ጫፍ ሲንጠባጠብ አየዋለሁ። አንዲት ጠብታ መዶሻው ላይ ልታርፍ ስትል በእጁ መዳፍ ቀለባት። መዳፉ ከብረቱ ጋር ተነካክቶ ተጠበሰ። እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ቀጠለ።

የወንድሜን ስም አልጠራም። እኔም አልጠራሁም። ግን ሁለታችንም የማሽኑ አፍ ፊት ማን እንደሚቆም እያሰብን እንደሆነ አውቅ ነበር።

ምሳ ሰዓት ሲያልፍ መዶሻው አመድ ውስጥ ገባ። አባቴ ጆንያውን አልብሶ፣ በርሜሉ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጦ፣ ግድግዳ ተደግፎ ዐይኑን ጨፈነ። ተኛ ብዬ ደስ አለኝ።

ፒክአፑ የመጣው ፀሐይዋ ወደ ቆርቆሮው ጀርባ ስትዞር ነው። አለቃው ሦስት ጎረምሶች ይዟል። «ቅያሪው መዶሻ ተሰበረ» አለ ሳይወርድ። «ማሽን ቆሟል። ገልባጭ ተሰልፎ ይጠብቀኛል። ስጠኝ።»

«ነገ» አለ አባቴ።

«አልቋል አይደል? ተበይዷል አይደል?»

«ከአመድ አልወጣም። ነገ።»

«ጌታው፣ ዳቦ አይደለም እኮ፣ ብረት ነው።»

አባቴ ተነሥቶ በርሜሉ ላይ ተቀመጠ። ጎረምሶቹ ተያይተው ሳቁ። አንዱ እጁን ይዞ ሊያነሳው ሲል አባቴ በግንባሩ አፍንጫውን መታው። ልጁ ተንገዳግዶ የኤሌክትሮዱ ክምር ላይ ወደቀ። ሌሎቹ ሁለቱ ዘለሉበት። አባቴ አንዱን ክንዱን ነክሶ ሥጋ እስኪጎድል አልለቀቀም፤ ሌላውን በክርኑ ጉሮሮውን መታው። በርሜሉ ሊገለበጥ ሲል በእግሩ ደግፎ አቆመው፣ እየተደበደበም በርሜሉን ነበር የሚጠብቀው። ጎሚስታው የጎማ መፍቻ ብረቱን ይዞ ሲገባ አለቃው በአካፋ እጀታ ትከሻውን መትቶ ጣለው። መጨረሻ ላይ አባቴን ሦስቱም ግድግዳ ላይ አጣበቁት፣ አንዱ ክንዱን አንገቱ ላይ ጭኖ። እኔ የማራገቢያውን እጀታ ይዤ ነበር። እግሬ አልታዘዝ አለኝ። ዛሬም ልጄ ከጓደኛው ጋር ሲገፋፋ ሳይ መጀመሪያ የሚከዳኝ እግሬ ነው።

አለቃው አመዱን በአካፋ ዛቀው። መዶሻው ሲወጣ አልቀላም፤ ግን ከላዩ ያለው አየር ይንቀጠቀጥ ነበር። አለቃው አስተውሎ አየውና ውኃ ያለበትን ጀሪካን አነሣ።

ያኔ አባቴ ከአፉ ሰምቼ የማላውቀውን ነገር ተናገረ። «አታጠጣው» አለ። «እባክህ። እባክህ፣ አታጠጣው።»

«ታዲያ እንዲህ እያለ ጭኜ መኪናዬን ላቃጥል?»

አፈሰሰው። እንፋሎቱ ቤቱን ሞላው። ምንም አይታይም ነበር፤ ግን ሁላችንም ሰማን። ያቺው ቀጭን ድምፅ። አንዴ፣ ትንሽ ቆይታ ሌላ። አባቴ መታገሉን አቆመ። እንፋሎቱ ሲገልጥ እጆቹ በጎኑ ተንጠልጥለው ነበር።

«ተሰንጥቋል» አለ። «ከገባ ተቆርጦ ይወጣል።»

«ብረት ሲቀዘቅዝ ይንጫጫል፣ እኔም አውቃለሁ» አለ አለቃው። ጫኑትና ሄዱ።

ያኔ ሞባይል እንደ ዛሬ በየኪሱ አልነበረም። አባቴ መርቴሎውን፣ ያንን ትልቁን የእጅ መዶሻ፣ ከማዕዘን አነሣና ወደ አስፋልቱ ወጣ። ተከተልኩት። ተመለሺ አላለኝም። ጎሚስታው ትከሻውን ይዞ እየተንገዳገደ ወጥቶ ወደ ካባው የሚወጣ ባዶ ገልባጭ መኪና አስቆመ፤ ሹፌሩ ደንበኛው ነበር። «እነዚህን አድርስልኝ» አለው። ለአባቴ ደግሞ «አንተ ሰውዬ፣ በአፍህ ተናገር። ዛሬ እንኳ በአፍህ» አለው።

ዳገቱን ስንወጣ መርቴሎው በአባቴ ጉልበቶች መሐል ነበር። የማታ ፀሐይ በባሕር ዛፎቹ መሐል እየተቆራረጠ ፊቱ ላይ ይወድቃል፣ ይነሣል። የቅጠሉ ሽታ በመስኮት ይገባል። ዛሬ በዚያ በኩል ሰው ልጆቹን ይዞ ለሽርሽር ይወጣል፤ አየሩ ጥሩ ነው ይሉኛል። እኔ ግን መኪናው ማርሽ በቀየረ ቁጥር ጊዜ እያለቀ ነው እያልኩ መቁጠሬን ነው የማስታውሰው። መዶሻውን ለመግጠም ምን ያህል ይፈጅባቸዋል ብዬ ልጠይቀው ፈለግሁ። መልሱን ፈርቼ ተውኩት።

ከመኪናው ሳንወርድ ሞተሩ ሲነሣ ሰማን።

ካባው ነጭ ነበር። አቧራው በሰውም በዛፉም ላይ ተኝቷል። ወንድሜ ከማሽኑ አፍ ፊት ቆሟል፣ ራሱን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ቅንድቡ ሁሉ ነጭ። መፍጫው ገና ባዶውን እየዞረ ፍጥነት ያነሣ ነበር፤ የመጀመሪያውን ድንጋይ በእጁ ይዞ ይጠብቃል። አባቴ ሮጠ። ሲሮጥ አይቼው አላውቅም ነበር። ወንድሜን አልፎ መርቴሎውን በሞተሩ ላይ አነሣ። የመጀመሪያው ምት የቺንጋውን መከለያ አጎደጎደው። ሁለተኛውን ሳይደግም ያዙት።

ሠራተኞቹ ምን ይወቁ? አንድ ሰው መርቴሎ ይዞ መጥቶ እንጀራቸውን ሊሰብር ነው። በአካፋ እጀታ ይሉታል፣ በጫማ ይሉታል። አንደኛው ምት ክንዱ ላይ ሲያርፍ እጁ ወደማይታጠፍበት ታጠፈ። ወንድሜ ድንጋዩን ጥሎ መጣ። ሰዎቹን ገፍቶ አባቴን ኮሌታውን ይዞ አነሣው። ያድነዋል ብዬ ነበር።

«እዚህም መጣህብኝ?» ሲለው ከከንፈሩ አነበብኩ። ከሞተሩ ጩኸት የተነሣ ምንም አይሰማም።

አባቴ አፉን ከፈተ። «ተሰንጥቋል» እንዳለ አውቃለሁ። ወንድሜ ያየው ግን የሚንቀሳቀስ አፍ ብቻ ነው፤ ከዚያ አፍ ደግሞ ከስድብ ሌላ ሰምቶ አያውቅም። መታው። በሙሉ ጡጫው፣ አፉ ላይ። የአባቴ ራስ ወደ ኋላ ሄዶ ተመለሰ፣ አገጩ ቦታውን ለቅቆ። በሕይወቱ አንድ ምት ሳይመልስ ያላሳለፈው ሰው እጁን አላነሣም። ወንድሜ ደገመው። አባቴ ደም እየተፋ አሁንም ያንኑ ቃል ለማለት ይሞክራል። ከኋላቸው መዶሻው ይዞራል፣ ጎማው ይንቀጠቀጣል፣ ሁለቱም ከማሽኑ አፍ ፊት ቆመዋል።

እግሬ ያኔ ነው የታዘዘኝ። ሄጄ የወንድሜን ጆሮ በሁለት እጄ ይዤ ወደ አፌ ሳብኩት። «ውኃ አፍስሰውበታል» አልኩት። «ከአመድ አውጥተው ውኃ አፍስሰውበታል።»

ሌላ ማብራሪያ አልፈለገም። እጁ አየር ላይ ቀረ። ፊቱ ላይ ያለው አቧራ የተሰነጠቀ መሰለኝ። አባቴን በደረቱ ገፍቶ ከማሽኑ አፍ ፊት አስወገደው፣ እኔንም በሌላው እጁ፣ ከዚያ በማሽኑ ጎን ዞሮ ማጥፊያውን ጎተተ። መፍጫው እያጓራ፣ እየዘገየ፣ ቆመ።

«ማን አጥፋ አለህ?» አለ አለቃው እየመጣ።

ወንድሜ ጎማውን ገልጦ እጁን አስገብቶ መዶሻውን ወደ ብርሃኑ አዞረ። ጨርቅ ናፍጣ ነክሮ ፊቱን አሸው፣ በደረቅ ጨርቅ ጠረገው፣ ከመሬት የድንጋይ ዱቄት ዘግኖ ነሰነሰበት፣ ትንሽ ጠበቀ። አባቴ ነው ያንን ያስተማረው። ስንጥቅ ካለ የጠጣውን ናፍጣ መልሶ ይተፋል። ነጩ ዱቄት ላይ ጥቁር መስመር ወጣ፣ እንደ ፀጉር ቀጭን። ከአዲሱ ብየዳ ተነሥቶ ወደ አሮጌው ብረት ወርዶ፣ ዞሮ፣ ወዲያ ማዶ ደርሷል። ወንድሜ የአባቴን መርቴሎ ከመሬት አነሣና አንዴ መታው። ግማሹ መዶሻ በጎማው በኩል ወጥቶ እሱ ቆሞበት በነበረው ቦታ ወደቀ።

አንዱ ሽማግሌ ሠራተኛ መሬት ላይ ተቀመጠ። «በመርቴሎ እንዲህ ከሆነ በሞተር ምን ሊሆን ነበር» አለ ቀስ ብሎ።

«ድሮም የእናንተ ብየዳ ነው» አለ አለቃው።

ወንድሜ መርቴሎውን እንደያዘ ዞረ። ፊቱን ሳየው አባቴን ነው ያየሁት፤ ቺንጋውን ከግድግዳ ያወረደ ቀን የነበረውን ፊት። አለቃው ወደ ኋላ ሄደ። ሠራተኞቹ ገለል አሉ። መርቴሎው ከትከሻው በላይ ሲነሣ፣ አባቴ በደህናው እጁ ከኋላው ሸሚዙን ያዘ። አልጎተተም፤ ያዘ ብቻ። አገጩ ተንጠልጥሎ ስለነበር ቃሉ በደንብ አልወጣም። «በቃ» ያለ ይመስለኛል። ወንድሜ ቆመ። ለረጅም ጊዜ እንደዚያ ቆሙ፣ አንዱ መርቴሎ አንሥቶ፣ አንዱ ሸሚዝ ይዞ። ከዚያ መርቴሎው ወረደ።

ወጌሻው ክንዱን በቀርከሃ አሰረለት፣ አገጩን ሐኪም ቤት በነጭ ጨርቅ ከራሱ ጋር ጠቀለሉት። ክንዱ ከዚያ በኋላ ኤሌክትሮድ ሳይንቀጠቀጥ ይዞ አያውቅም። ወንድሜ ተመልሶ ብየዳ ቤቱን ያዘ፤ ለጊዜው ነው ይል ነበር፣ እውነትም ለጊዜው ሆነ። በኋላ ወደ ሌላ ከተማ ሄደ፣ አባቴም ብዙ ሳይቆይ አረፈ፣ ቦታው ለመንገድ ፈረሰ። ሁለቱ ስለዚያ ቀን ሲነጋገሩ አንድም ጊዜ አልሰማሁም።

ግን አባቴ አገጩ ታስሮ በተኛበት ሰሞን፣ ወንድሜ ከሥራ ሲመለስ አጠገቡ ተቀምጦ አጥሚት በማንኪያ ያጠጣው ነበር። አባቴ ግድግዳ ግድግዳውን እያየ ይውጣል። አንድ ከሰዓት በኋላ ማንኪያው መንገድ ላይ ሳለ አባቴ በደህናው እጁ የወንድሜን እጅ አንጓው ላይ ያዘው። እኔ ጎድጓዳውን ሳህን ይዤ ደረቅሁ። ወንድሜም ትከሻውን ሰበሰበ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ እንደለመደው። አባቴ እጁን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረው። የጡጫው አንጓዎች ላይ፣ የራሱ የአባቴ ጥርስ የገባበት ቦታ፣ ቁስሉ አመርቅዞ አብጦ ነበር። ለረጅም ጊዜ አየው፣ ብረት እንደሚያይ።

«ቅባት አምጪ» አለኝ በታሰረ አፉ።

አመጣሁለት። በጣቱ ጫፍ ዘግኖ ቁስሉ ላይ በቀስታ፣ ዳር ዳሩን እየዞረ፣ ቀባው። የሚቀባበት ክንዱ በቀርከሃ እንደታሰረ ነበርና ብዙ ጊዜ ወሰደበት። ወንድሜ እጁን አልሳበም።